የእትዬ ዜሮ

ሚጣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዲግሪ ይዛለች፣ ሁለት መጽሐፍ ጽፋለች፤ ስለ ጭንቀት በሽታና ስለ ሕክምናው ከእሷ የተሻለ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ደፋር ነው። በምትሠራበት የምርምር ተቋም «ዶክተር» ነው የምትባለው፤ በኮሪደሩ ስታልፍ ወሬያቸውን የሚያቋርጡም አሉ። ሚጣ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት የምትበልጣት እህቷ፣ እትዬ። የምናወራው የሁለቱን ነገር ስለሆነ እኛም ሚጣ እንበላት።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናትና አባቷ ለሦስት ቀን ጉዳይ ብለው በአውቶቡስ ወጡ። አውቶቡሱ ከድልድይ ወደቀ፤ አልተመለሱም። እትዬ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወሬው እስኪጣራ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ተራ ቆማ፣ ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ እጁን እየያዘች «በየት በኩል ነው የመጣችሁት? ሌላ መኪና ከኋላ አለ?» ስትል ዋለች። ያ ቀን ከሆዷ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ እናትም አባትም እሷው ሆነች። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ፋብሪካ ገብታ ሠላሳ አራት ዓመት ኮሌታ ሰፋች። ሁለት ጊዜ ለትዳር ተጠይቃ ሁለቴም «ትንሿ ትማርና» ብላ መለሰች። ትንሿ ደግሞ ስትማር፣ ስትማር፣ ማብቂያዋ አልታወቅ አለ፤ ጠያቂዎቹም ሌላ አግብተው የልጅ ልጅ አዩ።

እትዬ አንድ አመል ነበራት። ሚጣ ከቤት ከወጣች፣ የሄደችበት መድረሷን ማወቅ አለባት። ሚጣ አንደኛ ደረጃ ስትማር፣ ከፋብሪካው በምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ በአጥሩ ቀዳዳ አይታት ትመለስ ነበር፤ የራሷን ምሳ መቼ እንደምትበላ እንጃ። ስልክ ሲገባ ነገሩ ቀለለ። ወይም ባሰ።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ እትዬ።»

«በእውነት?»

«በእውነት።»

«እሺ፣ ጎሽ።» ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ እንደገና ያቃጭላል። «ሚጣዬ፣ ቅድም ደርሻለሁ ነው ያልሽኝ አይደል?»

ሰዎች ሚጣን «ከስንቱ ሙያ ጭንቀትን ለምን መረጥሽ?» ሲሏት፣ ሳይንሱ ሰፊ ነው፣ ያልተነካ መስክ ነው ትል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምክንያቱ ኮሌታ እየሰፋ ያስተማራት ሰው ነው። እሷን ማዳን ነበር የፈለገችው።

የሚጣ ምርምር ሲያጥር እንዲህ ነው። የተጨነቀ ሰው ይጠይቃል። ቤተሰቡ «ምንም የለም፣ ደህና ነው» ይለዋል። ለጥቂት ደቂቃ ይረጋጋል፤ ከዚያ ጥርጣሬው ይመለስና ደግሞ ይጠይቃል። እከክን እንደማከክ ነው፤ ባከኩት ቁጥር ይብሳል። ሚጣ ይህን ለተማሪዎቿ ስታስተምር ሁልጊዜ በአንድ ተረት ትጀምራለች። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ትላለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ ሲበርድላት ጣቷን ቀስራ «የጨነቀው ሰው መልስ ይፈልጋል። የማን መልስ እንደሆነ አይመርጥም» ትላለች። ተማሪው ይጽፋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር አደራ አትርሱብኝ፤ ሚጣ ራሷ ረስታታለች።

ያወጣችው ዘዴ ቀላል ነበር። ቤተሰብ ለጥያቄው መልስ መስጠት ያቆማል። አይቆጣም፣ አያመናጭቅም፤ በመዳፍ ልክ በተሠራች ካርድ ላይ የተጻፈውን አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «ይህን ጥያቄ አልመልስም፤ ግን እወድሻለሁ።» ማታ ማታ ደግሞ በቀኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ በቅጹ ላይ ይሞላል። አሥራ ሁለት ሳምንት። ቁጥሩ እየወረደ ዜሮ ሲገባ፣ ጥያቄው ሞተ፤ ጥያቄው ሲሞት ጭንቀቱ ይከተላል ነው ነገሩ። እውነት ለመናገር ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፤ ዘዴው ውሸት አልነበረም።

የራስን ዘመድ ማከም በሙያው ደንብ ክልክል ነው። ሚጣ ይህንንም ታስተምራለች። ዳሩ ግን የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጥናቱ ገና ሳይጀመር፣ ቅጹ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ያህል ብላ መጀመሪያ የሞከረችው በእትዬ ላይ ነው። ካርዱን ይዛ ቤቷ ሄደች። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አለ፣ እትዬ ያን ጊዜም ከፋብሪካ መልስ ለጎረቤት ትጠግን ነበር። መነጽሯን አውርዳ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እና እኔ ስደውል ይህን ትይኛለሽ?»

«አዎ።»

«መልስ ከሌለሽ ታዲያ ስልኩን ለምን ታነሺዋለሽ?»

«ሕክምናው እኮ ነው እትዬ።»

«ጆሮ ዳባ ልበስ በይኛ በግልጽ! ይኼን ለመማር ነው ያን ያህል ዓመት የፈጀሽው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ካርዱን ከስፌት መኪናው መሳቢያ ከመርፌዎቹ ጋር አስቀምጣ «ለሥራሽ ከጠቀመሽ እሺ» አለች። ሚጣ የሰማችው «እሺ»ዋን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚጣ ቢሮ ስልክ ጮኸ።

«ደረስሽ?»

«ይህን ጥያቄ አልመልስም፤ ግን እወድሻለሁ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ከዚያ እትዬ ቀስ ብላ፣ የተሳሳተ ቁጥር የደወለች ይመስል፣ «ሚጣዬ… እኔ ነኝ እኮ» አለች።

ሚጣ ካርዱን ደገመችው። ያን ቀን ማታ በቅጹ ላይ «9» ብላ ጻፈች። በአራተኛው ሳምንት አምስት ሆነ፣ በስምንተኛው ሁለት። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ እስከ እሑድ ድረስ ዝም አለ። ሚጣ በቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን አጨበጨበች። ቁጥሩን በግራፍ አድርጋ፣ ኬክ ገዝታ እትዬ ቤት ሄደች። እትዬም ቁልቁል የወረደችውን መስመር በጣቷ እየተከተለች «ይኼ እኔ ነኝ?» አለች። በሳምንቱ ግራፉን በፍሬም አስገብታ ከሚጣ የምርቃት ፎቶ ጎን ሰቀለችው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱ ዜሮን ያዘ፤ ሚጣም ያዘች። አርባ ሁለት ቤተሰብ ያለበት ጥናት ተከተለ፣ ውጤቱ በጆርናል ወጣ፣ ከጆርናሉ መጽሐፍ ተወለደ፣ ካርዱም በሺህ እየታተመ በየክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ እትዬ «ታካሚ አንድ» ትባላለች። ለእንግዳ ግራፉን እያሳየች «ታካሚ አንድ ማለት እኔ ነኝ፤ የዳንኩት» ትል ነበር።

ከአርባ ሁለቱ አንዱ አባት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤት ሊቃጠል ነው እያለች ሶኬት ስታስፈትሸው፣ ስታስነቅለው ታድራለች። በመጨረሻው ቀጠሮ ቅጹን አስረክቦ አልነሳ አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «ዶክተር፣ ልጄ እኔን መጠየቅ ትታለች። ግን ጠቅላላ ማውራትም የተወች ይመስለኛል» አለ።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች ሚጣ።

«ቁጥሩማ ዜሮ ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ ላይ ነን።»

ሰውየው ባርኔጣውን አድርጎ፣ እጅ ነስቶ ወጣ።

የተቋሙ ስልክ ማዞሪያ ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በር አጠገብ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። የሚገባው ስልክ ሁሉ እዚያ ተነስቶ ወደየቢሮው ይተላለፋል። የሚያነሱት ሴትዮ ጆሯቸው ላይ የሚያጠልቁት ማዳመጫ ፀጉራቸው ላይ መንገድ አውጥቷል፤ ሠራተኛው ሁሉ «እማማ ሃሎ» ነው የሚላቸው። ሚጣ ብዙም አትወዳቸውም ነበር። ጠዋት ጠዋት ስትገባ ከመስታወቱ ኋላ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ ይገረምሟታል።

«ዶክተርዬ፣ ዛሬ ካፖርት የለም እንዴ? ይበርዳል እኮ።»

«ዶክተርዬ፣ ድምፅሽ ዘግቷል። ጉንፋን ነው?»

«ያ ሰማያዊ ሹራብ ያምርብሻል።»

ወሬኛ ናቸው አለች በልቧ። ለስብሰባ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ደግሞ «የስንት ሰዓት በረራ ነው? መቼ ነው የምትገቢው?» ብለው ጸሐፊዋን ሲያደርቁ ሰምታ፣ ለአስተዳደሩ በቀልድ አስመስላ «ማዞሪያችን ስልክ ብቻ አይደለም የሚያዞረው፤ ወሬም ነው» ብላለች። አስተዳዳሪው ስቋል። እማማ ሃሎ ይህን ሰምተው ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ በማግስቱም እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው አዩዋት።

እንዲህ እንዲህ ሲባል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የእማማ ሃሎ ጡረታ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በሦስተኛው ደረሰ፤ በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም፣ ራሱ የሚመልስ ማሽን ተገዛ። አርብ ከሰዓት በስብሰባ አዳራሹ ሽኝት ተደረገላቸው። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረጉ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲያዩ ለኖሩ ሰው ሌላ ሰዓት። ሚጣ የለስላሳ ብርጭቆዋን ይዛ ለመውጣት በሩ ጋ ስትደርስ እማማ ሃሎ ክንዷን ያዟት።

«ዶክተርዬ፣ አንድ ነገር ከብዶኛል። ከሰኞ ጀምሮ ማን ይነግራታል?»

«ለማን?»

«ለእህትሽ ነዋ። ማሽኑ ‹ለአስተዳደር አንድን ይጫኑ› ይላል እንጂ ‹ሚጣ ገብታለች› አይል።»

ሚጣ ብርጭቆዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እህቴ እርስዎ ጋ ትደውላለች?»

እማማ ሃሎ ነገሩ የማይታወቅ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዱት። ደነገጡ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ… ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ትደውላለች። ከሰዓት ደግሞ ስትወጪ። ‹ደረሰች?› ትለኛለች። ‹ደርሳለች፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች፣ ፊቷ ደህና ነው› እላታለሁ። ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብላ ትዘጋለች። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እንዴት ጨዋ ሴት መሰለችሽ። ሥራ ይበዛባታል፣ እሷን ማስቸገር የለብኝም ነው ያለችኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ! ያ የካርድ ሥራ የጀመራችሁ ሰሞን ነው።»

ሚጣ ቦርሳዋን ከቢሮ ሳታወጣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። መቀመጫ ነበር፤ ቆማ ነው የደረሰችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወሬኛ ስትላቸው የኖረችው ሴትዮ ሹራቧን፣ ጉንፋኗንና ፊቷን እያዩ የእሷን ሥራ ሲሠሩላት ነበር። እሷ የተወችውን ሥራ።

እትዬ በሩን ስትከፍት ፊቷን አየችና ሁሉም ገባት። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ግን ስኳር ስትሰርቅ እንደተያዘች ልጅ አንገቷን ደፋች።

«ነገሩሽ?»

«ለምንድነው ያልነገርሽኝ እትዬ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ከስፌት መኪናው ሽፋን ላይ የሌለ ክር ለቀመች። «የመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ብለሽ ስታሳይኝ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር። ዜሮ ያመጣሽ ቀን ደግሞ እንዴት እንደበራ ላንቺ አልታየሽም። ያን ፊት ሳይ፣ እንኳን ስልክ መደወል፣ ትንፋሽም ቢሆን እይዛለሁ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት አንቺ እንዲሳካልሽ ነው። በእኔ የተነሳ ሥራሽ ይበላሽ?»

«ጭንቀቱስ?»

«ጭንቀቱማ እዚሁ አለ። የት ይሄዳል፣ ቤቱ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ጠዋት ማዞሪያዋ ካነሱልኝ በኋላ ደህና እውላለሁ። በዓል ሆኖ ካልገቡ ግን…» አልጨረሰችውም።

ግራፉ በግድግዳው ላይ ነበር። መስታወቱ የተወለወለ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አቧራ አርፎበት አያውቅም። ሚጣ ወደ እሱ ሄዳ ልታወርደው እጇን ሰነዘረች።

«እሱን ተይልኝ» አለች እትዬ በፍጥነት። «ሰው ሲመጣ አሳየዋለሁ።»

ሚጣ እጇን መለሰች። መጥታ ከእትዬ እግር ሥር፣ ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራበት የነበረው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ካርዱን ጣይው። ከሰኞ ጀምሮ እኔን ጠይቂኝ። መቶ ጊዜ ጠይቂኝ፤ መቶ ጊዜ እመልስልሻለሁ። እስቲ አሁን በይኝ። ዛሬ እዚህ ስመጣ… በይኝ እስቲ።»

እትዬ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ቃሉን ያዘው፤ ድምፅ ግን አልመጣም። እንደገና ሞከረች። ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አይወጣልኝም ሚጣዬ። ለሌላ ሰው እጠይቃለሁ። አንቺን ሳይ ያ ካርድ ነው ድቅን የሚልብኝ።» የሚጣን ፀጉር ነካ አደረገች። «እሱንስ በደንብ ነው ያዳንሽኝ።»

በሳምንቱ ሚጣ የድሮዎቹን ቅጾች ከመዝገብ ቤት አስወጣች። ሃያ ሁለት ጥያቄ አላቸው። ዛሬ ስንት ጊዜ ጠየቀችዎ? በስንት ሰዓት? ድምፅዋ እንዴት ነበር? ካርዱን ተጠቅመዋል? ሁሉም አለ። «ከእርስዎ ሌላ ማንን ትጠይቃለች?» የሚል ግን የለም። የጨነቀው ሰው የማን መልስ እንደሆነ አይመርጥም እያለች በየዓመቱ ስታስተምር የኖረችው ማን ነበረች? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እሷ ከቅርንጫፉ ላይ ቅጠል ስትቆጥር ኖረች።

ከአርባ ሁለቱ ቤተሰቦች ስልካቸው ያልተቀየረውን እየፈለገች ደወለች። አንዳንዶቹ አመሰገኗት፤ በእርግጥ የዳነላቸው ነበሩ፣ ይህን ስትሰማ ልቧ ትንሽ አረፈ። ሌሎቹ ግን ከእናንተ ሌላ ማንን ትጠይቅ ነበር ሲባሉ «እንዴ፣ ጎረቤታችንን ነበር መሰለኝ የምትጠይቀው» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በድምፅዋ አወቃት። አርጅቷል።

«ልጄ ሶኬቱን መንቀል አልተወችም ዶክተር። ከመንገድ ማዶ ያለውን ፋርማሲስት ነበር ስትጠይቅ የኖረችው፤ እሱ ነው በሠርጓ ጊዜ የነገረኝ። አሁን ሌላ ከተማ ነው ያለችው፤ ለእሱ ትደውላለች። ለእኔ በዓመት አንዴ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማ ነበር። ነቀዘ እኮ። እቤቴ ውስጥ ነቀዘ።»

ሚጣ ይቅርታ ጠየቀችው። «እርስዎማ ያኔ ነግረውኝ ነበር» አለችው። «አዎ፣ ነግሬሽ ነበር» አለ ሰውየው፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ማስተካከያ ጻፈች። ታካሚ አንድ የገዛ እህቷ መሆኗን፣ ዜሮው ዜሮ እንዳልነበረ፣ ቅጹ ምን እንደጎደለው፣ አንዱንም ሳታስቀር። የሙያ ማኅበሩ ጠርቶ ወቀሳት፤ ተገቢ ነው ብላ ፈረመች። የክፍሏ ወጣት ኃላፊ ግን «ዶክተር፣ ዘዴው ለብዙ ሰው ይሠራል እኮ፤ ለምን ራስሽን ታዋርጃለሽ?» አላት። ጆርናሉ ጽሑፉን አሳጥሮ በመጨረሻው ገጽ፣ ከማስታወቂያዎቹ በላይ አወጣው። ያነበበው ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ካርዶቹ አሁንም በየክሊኒኩ አሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባየቻቸው ቦታ ሁሉ እያነሳች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታቸዋለች። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ተቀባይ «እሜቴ፣ አንድ ይበቃል» ብላታለች።

ሚጣ የምትፈልገው ግን ማስተካከያውንም ካርድ መልቀሙንም አልነበረም። የምትፈልገው አንዲት ቃል ነበር፤ እትዬ ሳትሞት አንድ ጊዜ እንኳ «ደረስሽ?» ብላ እንድትጠይቃት። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ስለዚህ ራሷ መደወል ጀመረች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

«እትዬ፣ ደርሻለሁ። ግራጫ ኮቴን ነው የለበስኩት።»

«እሺ፣ ጎሽ።»

ከዚያ ሚጣ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ለቃሏ ቦታ ትለቃለች። እትዬ ስለ ጎረቤቷ ድመት፣ ስለ ውሃ መጥፋት ታወራለች። ቃሏ አትመጣም። «በይ ሥራሽን ሥሪ» ትልና ትዘጋለች። ክረምት አልፎ በጋ ሆነ፣ ሚጣ ስትደውል፣ ቦታ ስትለቅ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደገመች። ሽንት ቤት ገብታ ይሆናል አለች። ሦስተኛ ደወለች። ሽንት ቤቱ ያንሸራትታል፤ ምንጣፍ እገዛለሁ ብላ ሳትገዛ ቀርታለች። አራተኛ። እትዬ ባለፈው እሑድ ደረቷን ይዛ ነበር፤ ወይስ ሹራቧን እያስተካከለች ነበር? ስድስተኛውን ስትደውል ጣቷ ቁጥሩን ሳተ። አንዲት ታካሚ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃታለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያጠናችው ነገር አሁን እዚሁ ደረቷ ላይ ተቀምጧል፤ አንድም ያነበበችው መጽሐፍ ትዝ አላላትም። በዘጠነኛው ተነሳ።

«አቤት?»

«የት ሄደሽ ነው እትዬ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«በእውነት?»

«በእውነት።»

«አልወደቅሽም? ደረትሽን አላመመሽም? ደህና ነሽ አይደል?»

ሚጣ ራሷን ሰማች። ዓይኗን ጨፍና ካርዱን ጠበቀች፤ እትዬ ከመሳቢያዋ አውጥታ ብታነብላት የሚገባት መሆኑን ታውቅ ነበር።

«ደህና ነኝ ሚጣዬ» አለች እትዬ፣ ለተኛ ልጅ እንደሚነገር በቀስታ። «ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቁርሴን በልቻለሁ። ያን አረንጓዴ ሹራቤን ለብሻለሁ። ፊቴም ደህና ነው።»

ሚጣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ደግሞ ካላመንሽኝ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ደውይ፤ አነሳልሻለሁ። ያኔም ካላመንሽኝ ደግሞ ደውይ። እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«እሺ» አለች ሚጣ። ቀጥላም እንደ ልማዷ ዝም ብላ ቦታ ለቀቀች። በወዲያኛው ጫፍ የእትዬ ትንፋሽ ይሰማል። ረዘም አለ። አንዴ ከንፈሯ የተላቀቀ መሰለ።

«በይ ሥራሽን ሥሪ» አለች እትዬ፣ ዘጋችው።

ሚጣ በሩን ከፍታ ታካሚዋን «ትንሽ ደቂቃ ታገሺኝ» አለቻት። ተመልሳ ገብታ፣ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አሥር ደቂቃውን መጠበቅ አልቻለችም፤ በስድስተኛው ደወለች።